የሶፋ ሆድ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ኖርክሮስ በምትባል ከተማ፣ የሆቴል ሶፋ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ፣ ስቴፕለር ጨብጬ ቀኑን ሙሉ ጣ ጣ ጣ ሳደርግ እውል ነበር። ሶፋው በመስመር ይመጣል፣ ጨርቁን እወጥራለሁ፣ ጣ ጣ ጣ፣ ይሄዳል። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የሚያውቀው ቃል አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ "ፋስተር"። ደሞዙ የቤት ኪራይና የመኪና ኢንሹራንስ ይሸፍናል። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ባለፈው መጋቢት ሪታየር ሳደርግ ማሪዬታ ያሉ የሥራ ጓደኞቼ ኬክ አስቆርጠውኝ "ሚስ የሺ፣ እንዴት ጀመርሽው?" አሉኝ። በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው፤ ግማሹ ሳይነገር ቀረ፣ በተለይ የሚያስቀው ግማሽ። እንግዲህ በራሴ ቋንቋ ልጻፈው።

የጀመርኩት ከቆሻሻ ባነሳሁት ወንበር ነው። አንድ ቅዳሜ ስኮትዴል ከምኖርበት አፓርትመንት ጀርባ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን ተጥሎ አገኘሁት። እግሩ እንደ ፍየል እግር ጎበጥ ያለ፣ ራስጌው ላይ የወይን ዘለላና ጽጌረዳ የተፈለፈለበት። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጣላል ብዬ ተሸክሜ አስገባሁት። አሮጌ ሆዱን ዘርግፌ ስፖንጅ ሞላሁት፤ ወርቃማ አበባ ያለው ጨርቅ ገዝቼ፣ ከፋብሪካው ስቴፕለር ተውሼ አለበስኩት። ሳሎኔ ውስጥ ሳቆመው ሙሽራ መሰለ። አንድ እግሩ ግን ይንገዳገድ ስለነበር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ "የድሮ ዕቃ እንጠግናለን" የሚል ሰሌዳ ያለበት ሾፕ ወሰድኩት።

የሾፑ ባለቤት ሚስተር ሆሊስ ይባላሉ። ሰባን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ወንበሬን ተቀበሉና ከላይ እንኳ ሳያዩት ገለበጡት።

"ሰር፣ ፊቱ በዚህ በኩል ነው" አልኳቸው።

"ፊቱን ተይው። ፊት ለእንግዳ ነው። ሆዱን ልየው።"

መነጽራቸውን አድርገው የስቴፕሉን ሰልፍ በጣታቸው ተከተሉት።

"ይሄን ማነው የሠራው?"

"እኔ።"

"የት ተማርሽ?"

"የትም።"

"እጅሽ ጥሩ ነው" አሉ። "ያደረግሽው ግን ወንጀል ነው።" ከዚያ ሳቁ። "ሰኞ መምጣት ትችያለሽ?"

ሰኞ ሄድኩ፤ ፋብሪካው አልተመለስኩም። የመጀመሪያ ሥራዬ የራሴን ስቴፕል አንድ በአንድ መንቀል ሆነ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው፣ ስቴፕል ዋልነት የሚባለው የወንበሩ እንጨት ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚሰነጥቀው በእያንዳንዷ ቀዳዳ አሳዩኝ። እስከ ምሳ ድረስ አፍሬ ጨረስኩ፤ ከምሳ በኋላ መማር ጀመርኩ።

እንግሊዝኛዬ ለመጽሐፍ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ሥዕል ያላቸውን ትልልቅ መጻሕፍት እገልጥ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አውሮፓና አሜሪካ የተሠራውን የቤት ዕቃ በእግሩ ለየሁት፤ ስሙን መያዝ ሲያቅተኝ የራሴን ስም አወጣሁለት። ኢምፓየር የሚሉት ከባድ፣ ደረቱን የነፋ፣ እግሩ የአንበሳ መዳፍ የሆነው "ጄኔራሉ" ሆነ። ጎቲክ፣ መደገፊያው እንደ ካቴድራል መስኮት ወደ ላይ የሾለው፣ "ጳጳሱ"። ሮኮኮ የተባለውን የጥንት ሞድ ከመቃብር አውጥተው እንደገና ያለበሱበት ጊዜ ደግሞ አለ፤ ቀጥ ያለ መስመር የማያውቅ፣ ሁሉ ነገሩ አበባና ወይን፤ የኔ የቆሻሻ ወንበር ወገን፤ እሷ "ሙሽራዋ" ናት። ሼከር የሚባሉ ሃይማኖተኞች የሠሩት፣ አንድ ትርፍ ጭረት የሌለበት፣ ሲያሻቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ቀላል ወንበር "መናኙ" ተባለ። የዚያ ዘመን የሀብታም ሳሎን ባዶ ግድግዳ አይወድም ነበር፤ ከፋይ መጋረጃ፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ፣ ጠረጴዛው ሳይቀር ቀሚስ ለብሶ። መናኙን ያዩ ጊዜ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ሚስተር ሆሊስ ስሞቼን ወደዷቸው። ዕቃ ከመኪና ሲወርድ "ማን መጣ?" ይሉኛል።

"ሙሽራ ናት።"

"የማን ልጅ ናት?" የት ተሠራች ማለታቸው ነው። የዚህ መልስ ሆዷ ውስጥ ነው።

የሶፋ ሆድ እንዲህ ነው። ከታች ጠፍር አለ፤ አገር ቤት የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጠፍሩ ላይ ሞላዎች በሲባጎ ይታሰራሉ፤ በላያቸው ጆንያ ይወጠራል፤ ከዚያ መሙያው ይመጣል። አገሩን የሚናገረው መሙያው ነው። በሰሜን ፋብሪካ የተሠራ ከሆነ የፈረስ ጭራና ጋማ ይበዛበታል። እዚህ ደቡብ ደግሞ በባሕሩ ዳር ዛፎች ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የሚንጠለጠለውን ግራጫ ተክል፣ የዛፍ ሽበት የምለውን፣ ለቅመው፣ አድርቀው ይሞሉት ነበር።

ሚስተር ሆሊስ የማይጥሷቸው ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። ከሆድ የወጣ ነገር፣ ብናኙ ሳይቀር፣ በጆንያ ሆኖ ጠረጴዛው ስር ይቀመጣል፤ ሥራው ሳያልቅ አይጣልም። ሲጨርሱ ደግሞ ከአሮጌው ጨርቅ ቁራጭ ወስደው ከአዲሱ ስር ይደብቃሉ። "ለሚቀጥለው ሰው ነው" ይላሉ። "ከኔ በኋላ የሚከፍት አለ። ከኔ በፊት ምን እንደነበር ይወቅ።"

ጥቃቅኑን ሚስማር አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ በምላሳቸው አንድ አንድ እያወጡ፣ ጫፉ ማግኔት በሆነ መዶሻ ይቀበሉታል። ሁለቱ እጆቻቸው ጨርቁን እንዲወጥሩ ነው። ተማርኩት። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባና ጭንቅ ያዘኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አፍ ብረት ሲመጠምጥ ይዋል? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

"ትውጪዋለሽ?" አሉኝ።

"ኧረ አልውጠውም፣ አባ።"

"እንግዲያው ምን ሆነ። እንዳትውጪው ግን፤ ጾምም ባይሆን።"

እህቴ ዘነበች ከአገር ቤት ስትመጣ እኔ ሥራውን ለምጄ ነበር። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። በስፌት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ ሰፌዷና ሙዳይዋ ገበያ ሳይደርስ ያልቃል። እጇን ያዩ ጊዜ ሚስተር ሆሊስ "ይቺን ለማንም አትስጪብኝ" አሉኝ። እንግሊዝኛ የላትም፣ እሳቸውም አማርኛ የላቸውም፤ በእጅና በፊት ይግባባሉ።

አንድ ቀን ከአሮጌ ወንበር የወጣ ጠጉር እየፈታታች ሳለ ምን እንደሆነ በእጇ ጠየቀቻቸው። ሚስተር ሆሊስ መጀመሪያ እንደ ፈረስ አሽካኩ። እትዬ ሳቀች። ቀጠሉና አፍንጫቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፍተው እንደ አሳማ አጉረመረሙ። ሁለቱ ተደባልቆ ነው ማለታቸው ነው፤ የዚያ ዘመን ሠራተኛ ያደርገው ነበር። እትዬ የያዘችውን ለቀቀችው።

"የሺ፣ ሰውዬው ምን አሉኝ?"

"የሰማሽውን ነው።"

"በላዩ ሰው ይቀመጥበታል?"

"ጨርቅ አለው እኮ፣ እትዬ።"

"ጨርቅማ ለዓይን ነው" አለችኝ። ሄዳ እጇን ሦስቴ በሳሙና ታጠበች። እኔም የወንበሩን ጠጉር ተቀብያት ጨረስኩት፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ሚስ ኤርነስቲን የመጡት የዛፉ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ በሚያለብስበት ሰሞን ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የሁለት ሰው ሶፋ አመጡ፤ ሙሽራ ናት፣ ያውም የሙሽራ ሙሽራ። ከራስጌዋ የወይን ዘለላ፣ ከጎኗ የጥጥ አበባ ተፈልፍሎባታል። የጥጥ አበባ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"ይሄን የሠራው ቅድመ አያቴ ኢላይጃ ነው" አሉ። "በባርነት ተወልዶ፣ ነጻ ሲወጣ እዚህ ከተማ የራሱን ሾፕ ከፈተ። በቤታችን ይሄን የማያውቅ ልጅ የለም። ከቤታችን ውጭ ግን ማንም አያምነንም።"

ከተማው መሃል ለጎብኚ የተከፈተ አንድ የድሮ ቤት አለ። የዚያ ቤት ዕቃ ኃላፊ ሶፋውን ወዳዋለች። ግን እንዲህ ያለው ሶፋ በዚያ ዘመን ከሰሜን ፋብሪካዎች በባቡር ይመጣ ነበር፤ የኢላይጃ መሆኑ ካልተረጋገጠ "ሠሪው ያልታወቀ" ተብሎ ነው የሚገባው። ሚስ ኤርነስቲን ደግሞ ያለ ስሙ አልሰጥም ብለዋል። "ከባርነት የወጣው ያለ ስም ሊሠራ አይደለም" አሉ።

አንድ መንገድ ነበር። የሚስ ኤርነስቲን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኢላይጃ የሠራው የሰባኪ ወንበር አለ፤ ጎቲክ ነው፣ የኔ ጳጳስ። የሱ መሆኑን ምእመኑ ሁሉ ያውቃል፣ ተጽፎም አለ። ሚስተር ሆሊስ ከስሩ ተኝተው በባትሪ አዩት። የወንበሩ የፊት ጠርዝ ውስጡ ጠጉር ተጠቅልሎ በወፍራም ክር ተሰፍቷል፤ የክሩ አጣጣል ልዩ ነው፣ ያዘነብላል። የሶፋውንም ጠርዝ በጨርቁ ላይ ዳበሱት። "እሱ ነው" አሉኝ። "ጣቴ እሱ ነው ይላል። ከፍተን ደግሞ እናያለን።"

ሐሙስ ቀን ጠፍር ልንገዛ ሚስተር ሆሊስና እኔ ማሪዬታ ሄድን። ለእትዬ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ አንሺ ብዬያታለሁ። ምንም እንዳትጥይ ግን አላልኳትም፤ ጠረጴዛው ስር የተደረደረውን ጆንያ በየቀኑ ታየው የለ ብዬ። ቱ ኤይቲ ፋይቭ በሚሉት አውራ ጎዳና ትራፊክ ታግተን ስንመለስ ሶፋዋ ከመደገፊያዋ በቀር ተራቁታ፣ ጸድታ፣ መቀመጫዋ ላይ አንሶላ ተጥሎ፣ መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች። እንጨቷ ላይ ነጫጭ ጠቃጠቆ አለ። ጸበል ረጭታባት ነው፤ ሼላክ የሚሉት የድሮ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ውሃ ሲያርፍበት እንዲያ ይሆናል።

"ጨረስኩላችሁ" አለች እትዬ።

"ጠጉሩስ?"

"ጣልኩት። የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ወሰደው።"

"ጠርዙስ? የፊቱ ጠርዝ?"

"እሱም ያው ጠጉር አይደል?"

"ለምን፣ እትዬ?"

"ምን ለምን አለው? እኚህ እናት ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁ እሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ያወቀ ሰው ዝም ይላል? አንቺስ ብትሆኚ?"

በሷ ቦታ፣ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ እኔም አደርገው ነበር። ለሴትዮዋ አዝና ነው።

ሚስተር ሆሊስ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጠርዙ የነበረበትን እንጨት በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

"በጣቴ ብቻ ነው ያወቅኩት" አሉ። "ሳላየው ቀረ።"

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጠርዙ እንደዚያ ሆኖ ሄደ፤ ዛሬም የለም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ነገር ከእጄ አልጠፋም፤ እትዬን ያዘዝኳት እኔ ነኝና ከእጄ ነው የምለው።

ለእትዬ ነገሩን አስረዳኋት። ኢላይጃ ማን እንደሆነ፣ ክሩ ምን እንደሚናገር።

"ኢላይጃ ማለት ኤልያስ ነው?"

"አዎ።"

"የኤልያስን እጅ ነው የጣልኩት በይኛ።" ሻሿን አስተካከለች። "ሴትዮዋን ጥሪያቸው። የምነግራቸው እኔ ነኝ። አንቺ አፍ ብቻ ሁኚኝ።"

ሚስ ኤርነስቲን ከሰዓት በኋላ መጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እትዬ ፊታቸው ቆማ አንዱንም ሳታስቀር ተናገረች፤ እኔም አንዱንም ሳላስቀር ተረጎምኩ።

"አሳማ ነው ብላ?" አሉ ሚስ ኤርነስቲን።

"አዎ።"

"አባቴ እኮ አሳማ ነበር የሚያረባው፣ ልጄ።" ፈገግታቸው ግን ወዲያው ጠፋ። ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው ያዙ። "እናቴ ሳትሞት ስሙን ታያለሽ ብዬያት ነበር። አላየችም። አሁን እኔም ላላይ ነው?" ወደ ሶፋዋ ዞሩና "የቀረ ነገር የለም?" አሉ።

ያን ጊዜ እትዬ ጎንበስ ብላ መቀመጫው ላይ የጣለችውን አንሶላ ገለጠች። ከታች፣ ከጆንያው ጋር እንደተሰፋ፣ ግራጫው የዛፍ ሽበት አለ። ማንም አልነካውም።

"ይሄን ለምን ተውሽው?" አልኳት።

"ይሄማ የጾም ነው" አለች። "ቅጠል እኮ ነው። ምን አደረገኝና ነው የምጥለው?"

"ምን አለች?" አሉ ሚስተር ሆሊስ። ተረጎምኩላቸው፤ ላዩ የፍስክ፣ ታቹ የጾም ነው ትላለች አልኩ። እንደዚያ ሲስቁ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ነው። እየሳቁ ባትሪያቸውን ፈለጉና ተንበረከኩ።

"ይሄ ከባሕሩ ዳር፣ ከሳቫና በኩል የመጣ ሽበት ነው" አሉ። "በባቡር የመጣ ሶፋ ይሄ ሆድ የለውም። እዚህ ነው የተሞላው።"

"የተሞላው ወይስ የተሠራው?" ሚስ ኤርነስቲን ናቸው።

"እሱን ገና አላውቅም።"

እትዬ ከጎናቸው ተንበርክካ ሽበቱን ከጆንያው ያሰረውን ክር በጣቷ ተከተለችው። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ተከተለችው።

"ይሄን የሰፋ ሰው ግራኝ ነው" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"የጎረቤታችን የአስካለ ስፌት እንዲህ ነው የሚያዘነብለው። የሷን ሰፌድ በገበያ መሃል ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አወጣዋለሁ።"

ተረጎምኩ። ሚስተር ሆሊስ ቀስ ብለው ወደ ሚስ ኤርነስቲን ዞሩ። እሳቸው ሶፍቱን የያዙበትን እጃቸውን እያዩ ነበር። ግራ እጃቸው ነው።

"በቤታችን በየትውልዱ አንድ ግራኝ አይጠፋም" አሉ።

በማግስቱ የዕቃ ኃላፊዋ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ጥንቁቅ፤ ንጹሕ ሱሪዋን ሳትሰስት ከሰባኪው ወንበር ስር ምንጣፉ ላይ ተኛች። ከዚያ ሾፕ መጥታ የሶፋዋን ሆድ አየች። ክሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ እዚያም እዚህም።

"ጠርዙ ቢኖር ዛሬውኑ እወስን ነበር" አለች። "አሁን ቀስ ማለት አለብኝ። የመደገፊያውን ሆድ እንክፈት።" መደገፊያውን ከፈትን፤ እትዬ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ታያለች፣ አትጠጋም። እዚያም ግራኝ። ሴትዮዋ ግን አልቸኮለችም፤ እንጨቱንም ሌላ ሰው አሳየች፣ የጥጥ አበባውንም። በጋው ገብቶ ወጣ። በመከር አንድ ቀን ሚስ ኤርነስቲን ደውለው "ሚስ የሺ፣ ገባ። በስሙ ገባ" አሉኝና ስልኩን ሳይዘጉ ማልቀስ ጀመሩ። ጠበቅኳቸው።

ዛሬ ሶፋዋ እዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ቆማለች። ከአጠገቧ ባለው ካርድ ላይ የኢላይጃ ስም ከነአባት ስሙ አለ። ከታች በትንሹ፣ የመቀመጫው የላይ መሙያና የፊት ጠርዝ በጥገና ጊዜ እንደጠፋ ተጽፏል። ትክክል ነው፤ መጻፉ ደግ ነው። ሶፋዋ ለጎብኚ በቀረበች ቀን ሚስ ኤርነስቲን "በልጅነቴ እንቅልፌን እተኛባት ነበር፤ አሁን እንዳልነካት ገመድ አሰሩብኝ" ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ሚስተር ሆሊስ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መዶሻቸውን ለኔ ሰጥተው ልጃቸው ጋ ሄዱ። እኔ ማሪዬታ ወደሚገኝ ትልቅ ሾፕ ገባሁና እስካለፈው መጋቢት እዚያ ሠራሁ። ጣቶቼ አሁን ጠዋት ጠዋት እሺ አይሉኝም። ሰዉ ሶፋውን በስልክ አዝዞ በሣጥን ያስመጣል፤ እንዲህ ሆኖ እንኳ በየወሩ የአያቱን ወንበር አቅፎ ቤቴ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። እነሱን መጀመሪያ የማስተምራቸው መገልበጥ ነው።

የእትዬን ነገር አልጨረስኩም። ሶፋዋ እንድትገባ ከተወሰነ በኋላ የጎደለው እንደገና መሞላት ነበረበት፤ ኃላፊዋም እንደነበረው ይሁን፣ የፈረስና የአሳማ ጠጉር ተደባልቆ አለች። እኔ እሠራዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት እትዬ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት እስከ ክርኗ አጥልቃ መጣች። አዲሱን ጠጉር የያዘውን ጆንያ ራሷ ከጠረጴዛው ስር ጎትታ አወጣች፤ ጠጉሩን ፈታታች፣ ጠቀለለች፣ ጠርዙን ሰፋችው። የሷ ስፌት ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው። ሚስተር ሆሊስ "ተይው፣ የሚቀጥለው ሰው ይለየዋል" አሉ። ጨርቁን ከማልበሳችን በፊት ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታች፤ ከጫፉ ቆርጣ ከስር አስገባችው። ከዚያ ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ምሳችንን በላን።